ሃያ አንድ ልጅ በአንዲት ጎጆ

 

በዚህ ዓምድ የሰው ታሪክ እናነባለን። የዛሬው ታሪክ የአንዲት እናት ነው። ስማቸው ወይዘሮ አበበች ጎበና ይባላል። ኋላ የክብር ዶክተር ተብለዋል። ልጆቻቸው ግን «እማዬ» ነበር የሚሏቸው። ረጅም ዕድሜ ኖሩ። ብዙ ሠሩ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

እኔ ገና ተማሪ ነኝ። ዕድሜዬም ከሃያ ብዙ አላለፈም። ስለዚህ እናትነትን ለእናንተ ላስተምር አልተነሣሁም። ወልዳችሁ ያሳደጋችሁ እናንተ ናችሁ። እኔ የሆነውን እጽፋለሁ። ፍርዱ የእናንተ ነው።

በአገራችን አንድ አባባል አለ። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይባላል። ልጅ ሲወለድ እንዲህ እንላለን። ድሃው ሰው ልጅ ሲበዛበትም እንዲህ ብለን እናጽናናዋለን። አባባሉ ደግ ነው። ግን እስቲ አንድ ነገር እንጠይቅ። ዕድሉ እንጀራ ይጋግራል? ዕድሉ ውሃ ይቀዳል? ሌሊት ልጁ ሲታመም ተነሥቶ ግንባሩን የሚዳስሰው ማን ነው? ይህን ጥያቄ በልባችሁ ያዙ። አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ።

ጣሊያን የገባ ዓመት

ወይዘሮ አበበች የተወለዱት በጥቅምት ወር 1928 ዓ.ም. ነው። የተወለዱበት መንደር ሸበል አቦ ይባላል። በሰሜን ሸዋ ያለ የገጠር መንደር ነው። እንደ እናንተ አገር ገበሬ የሚያርስበት፣ እናት ማለዳ ተነሥታ እሳት የምታነድበት ቦታ ነው።

1928 ምን ዓመት እንደ ነበር ሽማግሌዎች ያውቁታል። ጣሊያን አገራችንን የወረረበት ዓመት ነው። የጣሊያን ጦር የመረብን ወንዝ የተሻገረው በመስከረም ወር መጨረሻ ላይ ነበር። ሕፃኗ አበበች የተወለዱት ከዚያ በኋላ ወር ሳይሞላ ነው። ወንዱ ስንቁን ይዞ ዘመተ። ብዙው ሳይመለስ ቀረ።

የወይዘሮ አበበች አባትም በዚያ ጦርነት ሞቱ። ልጅቱ ያን ጊዜ ገና ሕፃን ነበሩ። የአባታቸውን ፊት አያውቁትም። አሳዳጊ ሆነው የተገኙት አያቶቻቸው ናቸው። አያት ልጅ ማሳደግ ያውቃል። ይህንንም እናንተ ታውቁታላችሁ። ልጅ ወላጁን ሲያጣ መጀመሪያ የሚከፈተው በር የአያት በር ነው።

እንግዲህ ይህን አስተውሉ። ኋላ ወላጅ ያጡ ልጆችን የሰበሰቡት እናት፣ ራሳቸው አባት ያጡ ልጅ ነበሩ። በአያት እጅ አድገዋል። ልጅ በሰው እጅ እንደሚያድግ ከራሳቸው ሕይወት አውቀውታል።

ከሠርግ የሸሹት ልጅ

ዐሥር ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ተዳሩ። ፈቃዳቸውን የጠየቀ ሰው አልነበረም። በዚያ ዘመን ልማዱ እንዲህ ነበር። ልጅቱ እንቅብ ተሸክማ ወንዝ ወርዳ ስትመጣ ሠርጓ ተቆርጦ ታገኘዋለች። ማን እንደሚያገባት አታውቅም። ቤቱ የት እንደሆነ አታውቅም።

ትንሿ አበበች ግን በተዳሩበት ቤት አልተቀመጡም። ሸሹ። መንገዳቸውም ወደ አዲስ አበባ ሆነ። እስቲ አስቡት። ዐሥር ዓመት የሆናት ልጅ ብቻዋን ከገጠር ወደ ከተማ! እዚያ ደርሰው ሰው ቤት ተጠጉ። ትንሽ ትምህርትም ተማሩ። ፊደል ቆጠሩ፤ ማንበብና መጻፍ አወቁ።

ያ ትምህርት እንጀራ ሆናቸው። ካደጉ በኋላ ቡናና እህል በሚነግድ ድርጅት ሥራ አገኙ። ሥራቸው የጥራት ተቆጣጣሪነት ነበር። ጥራት ተቆጣጣሪ ማለት ደኅናውን ከመጥፎው የሚለይ ሰው ነው። የተበላሸው ቡና ከደኅናው ጋር እንዳይሄድ ይጠብቃል። ያየውን በወረቀት ይመዘግባል። የማያነብ ሰው ይህን ሥራ መሥራት አይችልም።

ስለ ልጅነት ጋብቻ አንድ ነገር እንጨምር። ሕጉ ከዚያ ወዲህ ተለውጧል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ 15 ዓመት ሳይሞላት አታግባ አለ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ደግሞ ዕድሜውን 18 አደረገው። ለወንድም ለሴትም እኩል ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕግ ለአቅመ ጋብቻ ያልደረሰች ልጅ ያገባውን ሰው ይቀጣል።

ትንሿ አበበች ሲሸሹ ይህ ሕግ አልነበረም። ያዳናቸው እግራቸው ነው። ሁሉም ልጅ ግን መሸሽ አይችልም። ለዚህ ነው ሕጉም፣ የመንደሩ ሰውም ከልጅቱ ጎን መቆም ያለበት።

ግሸን የሄዱ ጊዜ

ዘመኑ ሄደ። ወይዘሮ አበበች ትዳር ያዙ። ሥራ ነበራቸው። ቤት ነበራቸው። እንደ ከተማ ሰው ኑሯቸው ደኅና ነበር። ሰውነታቸውም በርትቶ ነበር። አርባ ዓመት አልፏቸዋል።

በፈረንጅ አቆጣጠር በ1980፣ በእኛ በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሄዱ። ግሸን በወሎ በአምባሰል ያለ ታላቅ ደብር ነው። ተራራው አናቱ የመስቀል ቅርጽ አለው። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ሲነግሥ ከሩቅ አገር ሰው በእግሩ ይጓዛል። ብዙዎቻችሁ ስሙን ሰምታችኋል። የሄዳችሁም አትጠፉም።

በዚያ ጊዜ ወሎ ተርቦ ነበር። ዝናብ ጠፍቷል። እህል የለም። ከብቱ አልቋል። ሰው ቤቱን ዘግቶ ወደ እርዳታ ጣቢያ ይጎርፋል። ወሎ ከዚያ በፊትም በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ተርቦ ብዙ ሰው አልቆበታል። ቁስሉ ገና አልሻረም ነበር።

ወይዘሮ አበበች እርዳታ ከሚታደልበት ቦታ ደረሱ። እዚያ ያዩትን ዕድሜ ልካቸውን አልረሱትም። አንዲት እናት ሞታ ተኝታለች። ሕፃን ልጇ ከአጠገቧ ናት። ሕፃኗ በሕይወት አለች። እናቷ እንደሞተች አላወቀችም።

ወይዘሮ አበበች በእጃቸው የነበረው ጥቂት ዳቦና ጸበል ነው። እሱን ለተራበው አካፈሉ። ወዲያው አለቀ። ከዚያ በኋላ የሚሰጡት ነገር አልነበረም። የቀራቸው እጃቸው ብቻ ነው። በእጃቸው ሕፃኗን አነሡ። ሌላም ወላጅ የሌለው ልጅ ጨመሩ። ሁለቱን ይዘው አዲስ አበባ ገቡ።

የሄዱት ለመሳለም ነበር። ሲመለሱ ግን ሁለት ልጆች ይዘው ነው።

«ልጆቹን ምረጪ ወይም ቤትሽን»

ነገሩ በሁለት ልጅ አልቆመም። አንዴ ያየ ዓይን አያርፍም። ወይዘሮ አበበች ወላጅ ያጣ ልጅ ባገኙ ቁጥር ወደ ቤታቸው አመጡ። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ ሃያ አንድ ደረሱ።

ሃያ አንድ ልጅ! በአንድ ባልና ሚስት ቤት! ቤቱ ጠበበ። ወጪው በዛ። ባለቤታቸው ነገሩን ሊቀበሉት አልቻሉም። አንዱን ምረጪ ተባሉ። ወይ ልጆቹ፣ ወይ ትዳሩ።

እዚህ ላይ እንቆም። በባልየው ለመፍረድ አንቸኩል። ሰው ሁሉ አቅሙ ልክ አለው። በድንገት ሃያ አንድ ልጅ ቤቱ ሲገባ የማይደነግጥ ስንት ነው? የመንደሩ ሰውስ ምን ይላል? «ጤና የላትም» ሳይል ይቀራል? ምርጫው ከባድ ነበር። ቀላል ነበር ብለን ብንጽፍ ውሸት ይሆናል። የለፉበት ሥራ፣ የሞቀ ቤት፣ የተከበረ ትዳር በአንድ በኩል ነው። በሌላ በኩል መሄጃ የሌላቸው ልጆች አሉ።

ወይዘሮ አበበች ልጆቹን መረጡ። ቤታቸውን ትተው ወጡ። ከከተማው ዳር፣ በዛፎች መሃል፣ አንዲት ደሳሳ ጎጆ ውስጥ ልጆቹን ይዘው ገቡ።

ከዚህ በኋላ ያለውን በደንብ አንብቡ። ደግነት እዚህ አላለቀም። እዚህ ተጀመረ እንጂ።

እስቲ እናስላ

ማዘን አንድ ነገር ነው። ማብላት ሌላ ነገር ነው። አዝኖ ማልቀስ ሁላችንም እንችላለን። ሃያ አንድ ልጅ ጧት ተነሥቶ «ራበኝ» ሲል ግን እንባ አይበቃም።

ቁጥር ስለተማርን እስቲ እናስላ። አንድ ልጅ በቀን ሦስት እንጀራ ይብላ እንበል። ሃያ አንድ ልጅ ስንት ይበላል?

21 × 3 = 63

በቀን 63 እንጀራ ማለት ነው። በሳምንትስ?

63 × 7 = 441

በሳምንት 441 እንጀራ! አንዱን እንጀራ ከምጣድ ለማውጣት ሦስት ደቂቃ ቢፈጅ፣ የአንድ ቀኑ ብቻ ከሦስት ሰዓት በላይ ይወስዳል። እንጨቱ ገና አልተለቀመም። ሊጡ ገና አልተቦካም። ወጡ ገና አልተሠራም። ውሃው ገና አልተቀዳም። ልብስ ማጠቡን፣ ራስ ማበጠሩን፣ የታመመ ማስታመሙን አልቆጠርነውም።

እናቶች፣ ይህን ስሌት ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ጭሱ ዓይናችሁን ያቃጠለው እናንተን ነው። አባቶች ግን አንዴ ቁጭ ብለን ብናሰላው ይጠቅመናል። የሴት ሥራ አይታይም ይባላል። ተቆጥሮ ስለማያውቅ ነው።

ወይዘሮ አበበች በመጀመሪያ የነበራቸውን ጌጥ ሸጡ። ጌጥ ግን አንዴ ይሸጣል፤ ያልቃል። ስለዚህ በሚያውቁት ሙያ ሠሩ። እንጀራ ጋግረው ሸጡ። ጠጅ ጥለው ሸጡ። የጠጅ ሙያ ማር፣ ውሃ፣ ጌሾና ትዕግሥት ነው። ከየቤታችን የማይጠፋ ሙያ ነው። ያን የቤት ሙያ ገበያ አወጡት። በትርፉ ልጆቹን አበሉ።

ሁለተኛው ጭንቀት ትምህርት ነበር። ለትምህርት ቤት የሚከፍሉት ገንዘብ አልነበራቸውም። «እንግዲህ ጊዜው ይለፍ፣ ሲያድጉ ይማራሉ» አላሉም። አስተማሪ ፈለጉ። አስተማሪው እዚያች ጎጆ ድረስ እየመጣ ልጆቹን አስተማረ። ጥቁር ሰሌዳ ባይኖር፣ ወንበር ባይኖር፣ ትምህርት ይቻላል። በዛፍ ሥር ተቀምጣችሁ ፊደል የቆጠራችሁ እናንተ ለዚህ ምስክር ናችሁ።

ለምን ይመስላችኋል ስለ ትምህርት እንዲህ የተጨነቁት? ዐሥር ዓመታቸው ላይ ከተማ ሲገቡ ያዳናቸው ምን እንደ ነበር ስለሚያውቁ ነው።

ከጎጆ ወደ ማኅበር

ልጆቹ በሃያ አንድ አልቆሙም። በ1977 ዓ.ም. አገራችንን ታላቅ ረሃብ መታት። የትግራይ፣ የወሎና የሌላውም አገር ሰው እንደ ቅጠል ረገፈ። ወላጅ ያጣ ልጅ ቁጥር ስፍር አልነበረውም።

አንድ ሰው በአንድ ጎጆ ይህን ሁሉ መሸከም አይችልም። ወይዘሮ አበበች ይህን ተረዱ። ሥራቸው በሕግ የታወቀ ማኅበር እንዲሆን ጠየቁ። ፈቃዱ ቶሎ አልተገኘም። ደጅ ጠኑ። ወረቀት አመላለሱ። ሳይሰለቹ ዓመታት ጠየቁ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1986 ተሳካ። የአበበች ጎበና የሕፃናት ክብካቤና ልማት ማኅበር ተመዘገበ።

መመዝገብ ምን ይጠቅማል? ማኅበር ማኅተም አለው። በስሙ ገንዘብ ያስቀምጣል። በስሙ ውል ይዋዋላል። መሥራቹ ቢታመም ወይም ቢሞት እንኳ ሥራው አይበተንም። የአንድ ሰው ደግነት ከሰውየው ጋር ይሞታል። ማኅበር የሆነ ደግነት ግን ይቆያል። ዕድርና ዕቁብ ያላችሁ ሰዎች ይህን ታውቃላችሁ። ዕድር መዝገብ ያለው ለዚህ ነው።

ማኅበሩ ልጆችን ሰብስቦ ማብላት ብቻ አልሠራም። ትምህርት ቤት አቆመ። የእጅ ሙያ አሠለጠነ። ሴቶች ራሳቸውን እንዲችሉ ረዳ። በአዲስ አበባ በድሃ መንደሮች የመጸዳጃ ቤት፣ የጋራ ማድ ቤትና የውሃ ቦኖ ሠራ። ከከተማ ወጣ ብሎ የእርሻ መሬት ይዞ አረሰ። ምርቱን ሸጠ። ሁልጊዜ የሰው እጅ ማየት አያዋጣም ብለው ስለሚያምኑ ነው። ዛሬ የሰጠህ ነገ ላይሰጥ ይችላል። የራስ እርሻ ግን የራስ ነው።

ወይዘሮ አበበች ከማኅበሩ ደመወዝ አልወሰዱም። መኝታ ክፍላቸውም ከልጆቹ መኝታ ጋር የተያያዘ ነበር። ማታ አንዱ ልጅ ቢያለቅስ ይሰማቸዋል። እናት የሚያስተኛው ይህ አይደለም እንዴ? ድምፅ ሲሰማ መንቃት።

በአርባ ዓመት ውስጥ ብዙ ልጆች በእጃቸው አደጉ። ተማሩ፣ ሥራ ያዙ፣ ትዳር መሠረቱ፣ ወለዱ። የልጅ ልጆቹም እማዬ አሉ። ከልጆቹ ሌላ በማኅበሩ ሥራ የተጠቀመው ሰው ከ1.5 ሚሊዮን በላይ እንደሆነ ተጽፏል። ይህን ቁጥር በዓይነ ሕሊና ማየት ያስቸግራል። ሃያ አንዱን ማየት ግን አያስቸግርም። ሁሉም ነገር የተነሣው ከሃያ አንዱ ነው። ሃያ አንዱም የተነሣው ከሁለቱ ነው።

በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም

«ይህች ሴት ልዩ ፍጥረት ናት፤ እኛ እንዲህ ማድረግ አንችልም» የሚል ይኖራል። ግን ልብ በሉ። የሰውን ልጅ ማሳደግ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም።

በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ጉዲፈቻ አለ። ልጅ የሌለው ወይም ልጅ መጨመር የፈለገ ቤተሰብ የሌላውን ልጅ ይወስዳል። ልጁም እንደ ተወለደ ልጅ ይቆጠራል። ይወርሳል። ስሙንም ይይዛል። ልማዱ የጸና ስለሆነ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሰው ልጅ ማሳደግን በዚሁ ስም ጠራው። ዛሬ በመላ አገሪቱ ጉዲፈቻ ሲባል ሁሉም ይገባዋል።

በሌላውም አገር የጡት ልጅ የሚባል ነገር አለ። ማር ተቀብቶ ልጁ ይጠባል። ከዚያ በኋላ ልጅ ነው፤ አባትም አባት ነው። ጦርነትና ረሃብ ባለበት አገር ሰዎች ይህን ዘዴ ያበጁት ልጅ ሜዳ ላይ እንዳይቀር ነው።

ስለዚህ ወይዘሮ አበበች ያደረጉት ነገር ሥሩ ከእኛው ነው። የእርሳቸው ልዩነት ብዛቱና ጽናቱ ነው። አንዱን ልጅ ብዙ ሰው ይወስዳል። ሃያ አንዱን ይዞ፣ ቤት ትቶ፣ አርባ ዓመት የሚጸና ጥቂት ነው። ሁላችንም ሃያ አንድ ልጅ እናሳድግ ማለት አይደለም። በየመንደራችን ግን ወላጅ ያጣ አንድ ልጅ ይኖራል። እሱ ልጅ የሚበላው ከየት ነው? ከብት ጥበቃ ብቻ ነው የሚላከው ወይስ ትምህርትም ቤት? ይህን የሚጠይቅ ሰው አለው?

ሰማንያ አምስት ዓመት

በ2012 ዓ.ም. በመጋቢት ወር የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን ገባ። በሽታው በትንፋሽ የሚተላለፍ ነው። በተለይ በሽማግሌዎች ላይ ይከብዳል። ወይዘሮ አበበች በዚህ በሽታ ታመሙ። አዲስ አበባ በጳውሎስ ሆስፒታል ተኝተው ሲታከሙ ቆዩ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ዐረፉ።

ዕድሜያቸው ስንት ነበር? ቀንሱ።

2013 − 1928 = 85

ሰማንያ አምስት ዓመት። በዚህ ዕድሜ ውስጥ ወረራ አለ። የልጅነት ሠርግ አለ። ሽሽት አለ። ረሃብ አለ። የፈረሰ ትዳር አለ። ጭስና ምጣድ አለ። ደግሞም ከዚያ ሁሉ ውስጥ የወጣ ትልቅ ቤተሰብ አለ። የሞቱ ዕለት ያለቀሱት ሁሉ በሥጋ አልተወለዱላቸውም። ግን እናት የሞተበት ሰው እንደሚያለቅስ አለቀሱ። እናታቸው ስለሆኑ ነው።

አሁን መጀመሪያ ወደ ጠየቅነው ጥያቄ እንመለስ። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ብለናል። እነዚያ ልጆች ዕድል ነበራቸው? አዎ፣ ነበራቸው። ዕድላቸው ግን ከሰማይ አልወረደም። ዕድላቸው እጅ ነበረው። ያ እጅ ሊጥ አቡክቷል። ጠጅ ጥሏል። ማመልከቻ ጽፏል። የልጅ ዕድል ማለት የሚያሳድገው ሰው እጅ ነው።

የእናንተስ እናት?

የወይዘሮ አበበችን ታሪክ ዛሬ ያነበብነው ሰው ስለጻፈው ነው። እንደ እርሳቸው የለፉ፣ ስማቸው ግን በወረቀት ያልሰፈረ እናቶች በየቤቱ አሉ። የእናንተም እናት ወይም አያት ከእነርሱ አንዷ ናቸው። ታሪካቸውን የሚያውቀው ማን ነው? እናንተ ናችሁ። ዛሬ ደግሞ መጻፍ ትችላላችሁ።

«የተወለዱበትን ዓመት አያውቁትም» ትሉ ይሆናል። በብዙ ቤት እንዲህ ነው። ዘዴ ግን አለ። እንዲህ ብላችሁ ጠይቋቸው።

ጣሊያን ሲገባ ተወልደው ነበር? ያ 1928 ነው። ጣሊያን ወጥቶ ንጉሡ አዲስ አበባ ሲገቡስ? ያ 1933 ነው። የታኅሣሥ ግርግር ጊዜ አግብተው ነበር? ያ 1953 ነው። የወሎ ረሃብ ጊዜ ስንተኛ ልጃቸውን ወልደው ነበር? ያ 1965 እና 1966 ነው። በ1977ቱ ረሃብ ጊዜስ የት ነበሩ? ከነዚህ ዓመታት ተነሥታችሁ ወደፊትና ወደኋላ ብትቆጥሩ ዕድሜያቸውን ትደርሱበታላችሁ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቅጠል ወረቀት ውሰዱ። ከላይ ስማቸውን ከነአባታቸው ጻፉ። ቀጥሎ የተወለዱበትን አገር። ቀጥሎ ያሳደጓቸውን ልጆች ስም። የወለዱትን ብቻ አትጻፉ። ጡት ያጠቧቸውን፣ ያስጠጓቸውን፣ አብልተው ያሳደሯቸውን ልጆች ሁሉ ጻፉ። ዝርዝሩ ይረዝማል። ወረቀቱ ላይበቃ ይችላል።

የተሳሳተ ፊደል ቢኖር አትፈሩ። ፊደል ይታረማል። የሞተ ሰው የሚያውቀው ነገር ግን ከሞተ በኋላ አይጠየቅም። እናታችሁ በሕይወት ሳሉ ጠይቋቸው። ጽፋችሁም አንብቡላቸው። ሕይወታቸው ሲነበብ መስማት ይገባቸዋል።

እስቲ እንወያይ

1. ወይዘሮ አበበች በተዳሩበት ቤት ቢቀመጡ ኖሮ እነዚያ ልጆች ምን ይሆኑ ነበር?

2. «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለውን አባባል እናንተ እንዴት ታዩታላችሁ?

3. በእናንተ ቤት በቀን ስንት እንጀራ ይበላል? በሳምንትስ? አባዙና ጻፉ።

4. በመንደራችሁ ወላጅ ያጣ ልጅ አለ? ማን ያበላዋል? ማንስ ያስተምረዋል?

5. በቤታችሁ በዕድሜ ትልቋ ሴት ማን ናቸው? ስማቸውንና ያሳደጓቸውን ልጆች ብዛት ጽፋችሁ በሚቀጥለው ትምህርት አምጡ።

ለሳምንት በደኅና ያገናኘን።